የዘይነባ ቅባት

ሐበሻን ከኋላው ማወቅ ትምህርት አይጠይቅም። እዚህ ዓረብ አገር፣ አል አይን ገበያ ውስጥ ሃያ ሴቶች ከራስ እስከ እግር ጥቁር ለብሰው ቢሄዱ፣ የእኛዋን ለይቼ እጠራታለሁ። በምን አወቅሽ ትሉኝ ይሆናል። የሻርፕ አጠማጠም ይሁን፣ የአካሄድ ነገር ይሁን፣ ብቻ አልሳሳትም። አንድ ጊዜ አንዲት ሱዳናዊት እናትን በአማርኛ «ደህና ነሽ እህቴ?» ብያለሁ፤ እሳቸውም አላህን አመስግነው አልፈዋል። እሱን አትቁጠሩብኝ።

በዚህ ችሎታዬ እኮራ ነበር። ለካ ሰውነቴ ውስጥ ከእኔ የባሰ ዐዋቂ ኖሯል። እንዴት እንደደረስኩበት ልንገራችሁ።

የማሳድጋት መርየም ዓመት ከመንፈቋ ነው። ክንዴን ካላገኘች እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ጉንጯን የምታሳርፍበት ቦታ እንኳ የታወቀ ነው፣ ከግራ ክርኔ ዝቅ ብሎ። ታዲያ ጭርት የሚባለው ጉድ ሌላ ቦታ ያጣ ይመስል እዚያው ወጣብኝ። ክብ፣ ጠርዙ ቀይ፣ እረፍት የሚነሳ። ሰናይያ በሚሉት የፋብሪካ ሰፈር ልብስ ስፌት ቤት የምትሠራው የኮምቦልቻዋ ጓደኛዬ ዘይነባ አየችና ከቦርሳዋ ቅባት አወጣች። ስፌት ቤት ትሥራ እንጂ በእኛ ዘንድ የቆዳ ሐኪሟ እሷ ናት።

«ወላሂ፣ በሁለት ቀን ኸላስ ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ በሁለት ቀን ማሳከኩ ጠፋ። መረቅኋት። ቅላቱም ደበዘዘ። ብቻ ሳንቲም ያክል የነበረው ክብ የስኒ ማስቀመጫ አክሎ ወደ ክርኔ ወጣ። እኔም ቅባቱን ጨመርኩ፤ እናንተም ብትሆኑ ትጨምሩ ነበር። አንድ ጠዋት መርየም ክንዴ ላይ ተኝታ ስትነሳ የቅባቱ ወዝ ጉንጯ ላይ ሲያብረቀርቅ አየሁ። ክው አልኩ። የእኔ መባረር ይሁን፣ ልጅቷ ፊት ላይ ቢወጣባትስ?

በእረፍት ቀኔ ክሊኒክ ሄድኩ። ደግነቱ ነርሷ የጎንደር ሰው ነበረች፣ ሲስተር ወይንሸት። የቅባቱን ቱቦ ስታይ በረጅሙ ተነፈሰች።

ነገሩ እሷ እንዳስረዳችኝ እንዲህ ነው። ጭርት ፈንገስ ነው፤ ፈንገስ ደግሞ የራሱ ግድግዳ አለው፣ በእኛ ሰውነት ውስጥ ከማይገኝ የስኳር ዓይነት የተሠራ። የሰውነታችን ዘበኞች፣ ነጭ የደም ሴሎቹ፣ ያንን ግድግዳ በላያቸው ባለ መዳሰሻ ይነኩታል። ከነኩት አወቁት። ካወቁት ደግሞ ዙሪያውን አቅፈው ይውጡታል፣ ሆዳቸው ውስጥም ያሟሙታል። መቅላቱና ማሳከኩ እነሱ ሥራ ላይ ሲሆኑ ነው። የዘይነባ ቅባት ፈንገሱን አይነካውም፤ የሚያስተኛው ዘበኞቹን ነው። እኔ በገዛ እጄ፣ ጠዋትና ማታ፣ ዘበኞቼን እሹሩሩ ስል ከርሜያለሁ።

ሲስተር ሌላ መድኃኒት ሰጠችኝ። «ይኸኛው ፈንገሱን ይመታዋል። የድሮውን ስታቆሚ ማሳከኩ ይብስብሻል፣ ቻይው። ልጅቷን አታስጠጊ። ለማዳምሽም ንገሪያት።»

የመጨረሻዋ ትእዛዝ ከማሳከኩ ባሰች። ግን እጅጌዬን ሰብስቤ አሳየኋት። ማዳም፣ የመርየም እናት፣ ልጅቷን አያቷ እንደሚይዟት፣ በሦስት ሳምንት ካልዳንኩ ግን አገሬ እንደምገባ ነገረችኝ። 

ማሳከኩ እንደተባለው ተመለሰ፣ ከነዘመዶቹ። መርየም በወዲያኛው ክፍል ስታለቅስ እየሰማሁ፣ ክንዴን በጨርቅ ጠምጥሜ ልብስ እተኩሳለሁ። አልቅሻለሁ፣ ምን እደብቃችኋለሁ። ግን አላከክሁም። ባሳከከኝ ቁጥር ወደ ክንዴ ዝቅ ብዬ «በርቱ፣ ዋጡት» እላለሁ። ማዳም አንድ ቀን ሰማችኝና ከማን ጋር እንደማወራ ጠየቀችኝ።

«ከሠራተኞቼ ጋር» አልኳት።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ክንዴ ጠራ። ሲስተርም አይታ አረጋገጠችልኝ። ማዳም መብራት ሥር አገላብጣ ካየችው በኋላ መርየምን አቀበለችኝ። ልጅቷ ቦታዋን አልረሳችም።

በእረፍቴ ሰናይያ ሄድኩ፣ ዘይነባን ቅባቱን ጣይው ልላት። አፌን ሳልከፍት ክንዴን ያዘችው።

«አላልኩሽም ሐዋ? ለሦስት የአገራችን ልጆች ሰጥቻለሁ። ‹ካላመናችሁኝ የሐዋን ክንድ እዩ› ብያቸዋለሁ።»

ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። አስረዳኋት፤ አኮረፈችኝ፤ ቦርሳዋ ውስጥ የቀረውን ቱቦ ግን ተቀብያት ሄድኩ። የሦስቱንም ስምና አድራሻ ይዣለሁ። አንዷ ያስ ደሴት ሆቴል ታጸዳለች፣ ሁለቱ አቡ ዳቢ ከተማ ሰው ቤት ናቸው። በሚቀጥለው እረፍቴ አውቶቡስ እይዛለሁ። መልካቸውን አላውቀውም፤ እሱ አያስቸግረኝም፣ ከኋላ እለያቸዋለሁ። ክንዴንም ይዤ ነው የምሄደው። ምስክር ተብሎ ተጠርቶ የለ፣ ሄዶ ይመስክር።