የዳክዬው ዋስ

እኛ ጎጃሞች ከውሃ ጋር ያለን ጉዳይ የመሻገር ብቻ ነው። ወንዙ ላህም ይሁን ብር፣ ፈጣምም ይሁን ራሱ ዓባይ፣ ሱሪያችንን ሰብስበን፣ ዱላችንን አስቀድመን፣ ማርያምን ጠርተን እንሻገረዋለን፤ ከተሻገርን በኋላ ዞር ብለንም አናየው። ጠበል ከሆነ እንጠመቅበታለን፣ ምንጭ ከሆነ እንቀዳዋለን፣ መስኖ ከሆነ እንጣላበታለን። ያለ ጉዳይ ውሃ ላይ ወጥቶ መንሳፈፍ ግን ከአባቶቻችን ያልወረስነው ሙያ ነው። አባቶቻችን ያላወረሱንን ሁሉ ደግሞ ረስተውት አይደለም።

ይህን ጥበብ የምናገረው ዛሬ ነው። ያኔ ሌላ ሰው ነበርሁ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ስለ ሐይቅ፣ ስለ ባሕረ ሰላጤ፣ ስለ ማዕበል ጥቁር ሰሌዳ እስኪጠብ ድረስ እጽፋለሁ። እንዲህ ስለ ማዕበል የሚያወራ መምህር ከወንዝ ድንጋይ በቀር ውሃ ላይ ቆሞ አያውቅም ብሎ የሚጠረጥር ተማሪ አልነበረም። እኔም አልነገርኋቸውም። ማን ጠየቀኝና?

የዚያን ዓመት ጥር የሺን ላገባ ደርሼ ነበር። የሺ ቡሬ የምትሠራ ነርስ ናት። አባቷ ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው፤ አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። በሁለት ሳምንቱ እሑድ ሽማግሌዎቼ ደጃቸው ሊቆሙ ቀጠሮ ተይዟል። እንግዲህ ሽማግሌ ሊልክ ያለ ሰው ማድረግ የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤቱን ዘግቶ መቀመጥ። በነዚያ ሁለት ሳምንታት ያልታየ ሰው መልካም ሰው ነው። እኔ ግን መታየት አማረኝ።

የኔታ ከመራዊ አለፍ ብሎ ባለ ቀበሌ ሽምግልና ነበራቸው። በድንበር ተጣልተው ሰላምታ ያቋረጡ ሁለት ወንድማማቾች አሉ፤ ከየኔታ በቀር ማንንም አንሰማም ብለዋል። ቀጠሮው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የሺ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አብራቸው ልትሄድ ነበር፤ እኔም የመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ላይ ስለሆንሁ ላድርሳችሁ አልሁ። እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ዛሬ የማወራው አይኖረኝም ነበር። ግን ጨመርሁበት፦ «እግረ መንገዳችንን ግድቡ ጋ ወርደን አየር እንቀበላለን።»

ግድቡ መራዊ አጠገብ ያለ የመስኖ ግድብ ነው። በበጋ ውሃው ሲሸሽ ዳሩ ላይ አሸዋ ቢጤ ይቀራል፤ የከተማው ወጣት «ቢች» ይለዋል። እኔም ለቢች የሚሆን ስስ ሱሪ ከሰልቫጅ ገዝቼ ለብሻለሁ። አሮጌው ሱሪዬ ከነመታወቂያዬ ፍኖተ ሰላም ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ደረስን። ዳሩ ላይ ጋሻው የሚባል፣ ድሮ የእህል ደላላ የነበረ ጎልማሳ ጀልባ ያከራያል። ጀልባ ስላችሁ ሌላ እንዳይመስላችሁ፤ አንገቷን ቀጥ ያደረገች ቢጫ የፕላስቲክ ዳክዬ ናት። ሁለት ሰው ሆዷ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጦ እንደ ብስክሌት ፔዳል ይመታላታል። ጋሻው ሕጉን ነገረን፤ መታወቂያ ማስያዝ ወይም ዋስ መጥራት። ስልኬ ላይ ያለውን የመታወቂያዬን ፎቶ ባሳየው፣ «አንዱ ዳክዬዋን ወዲያ ማዶ ጥሎ በእግሩ አገሩ ገብቷል፤ እኔ ማታ ፎቶ ይዤ ልፈልገው ነበር ወይ?» ብሎ መለሰልኝ። የሺም ቦርሳዋን ቤቷ ትታ ነው የመጣችው።

ነገሩ እዚያው ሊቀር ነበር። የኔታ ግን ዋስ የሚል ቃል ከሰሙ ዝም ማለት አይችሉም። የግማሹ ወረዳ ሰው በእሳቸው ዋስነት በሬ ገዝቷል፣ ታርቋል፣ ተጋብቷል። «ዋስ ነው ያልኸው? ዋስማ እኔ አለሁ» አሉና ጋሻው ያቀረበላቸው የቢራ ሳጥን ላይ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። የቅኔ መምህር በቢራ ሳጥን ላይ። ያኔ ነበር መንቃት የነበረብኝ።

«ዘጠኝ ሰዓት ሰዎች ይጠብቁኛል፤ ትደርሳላችሁን?» አሉኝ። እኔስ ምን አልሁ? አዎ ብሎ ማለፍ አልበቃኝም። «የኔታ፣ በግማሽ ሰዓት ካልተመለስሁ የዛሬ ሁለት ሳምንት ሽማግሌዎቼን አይቀበሉ» አልኋቸው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይሏል። የሺ ቀና ብላ አየችኝ። የኔታ «ተው እንጂ፣ በዚህ አይማልም» አሉኝ፤ ምያለሁ አልሁ።

አሁን የሚያሳፍረኝ ቦታ ላይ ደረስን። እስካሁን ያወራሁት መግቢያው ነው።

ጋሻው ሁለት ላይፍ ጃኬት አመጣ። አንደኛው ደህና ነው፤ የሁለተኛው ማሰሪያ ተሰብሯል። ሁለቱን ዘረጋልን። እጄ፣ ይኸው ይህ ቾክ የሚይዘው እጄ፣ ማንንም ሳያማክር ሄዶ ደህናውን አነሳ። አላሰብሁበትም። እምላለሁ አላሰብሁበትም፤ ግን ይህ መከላከያ ነው ብዬ ባቀርበው የሚገርመው እኔን ራሴን ነው። ሰው ሳያስብ የሚያደርገው ነገር አይደል ማንነቱ? ማሰሪያውን ቀጭ አድርጌ ዘጋሁ። የሺ የተሰበረውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ለብሳው ነጠላዋን በላዩ ወገቧ ላይ ጠምጥማ ቋጠረች። «ነጠላዬ ይበቃኛል» አለች። እኔም «ጎበዝ» አልኋት። ይህችን «ጎበዝ» ሳስታውስ እስከ ዛሬ ያልበኛል።

የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት የክብር ነበር። ፔዳሉን እየመታሁ ስለ ነፋስ አስረዳኋት፤ ቀን ቀን ነፋስ ከውሃ ወደ የብስ ስለሚነፍስ ወደ ዳር ይመልሰናል፣ አታስቢ አልሁ። ነፋሱ ግን እኔ ክፍል አልተማረም። ከጀርባችን ተነሥቶ ዳክዬዋን አንገቷን እንደያዘ ወደ መሐል ወሰዳት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት እውነት ነው፤ እኔ ግን መሳቁን ቶሎ አቆምሁ። አንድ ማዕበል፣ ሰሌዳ ላይ ብስለው የጣት ርዝመት የማይሞላ ማዕበል፣ ጎናችንን መታን። እኔ ፔዳሉን ትቼ የዳክዬዋን አንገት በሁለት እጄ አቀፍሁና ቅዱሳንን በየወራቸው በየቀናቸው መጥራት ጀመርሁ። ተክለ ሃይማኖት ላይ ስደርስ የሺ ተናገረችኝ፦ «ካልመታህ እግርህን ከፔዳሉ ላይ አንሳልኝ፤ ከብዶኛል።»

እግሬን አነሣሁ። ዶሮ ዝናብ ሲመጣባት ቆጥ ላይ እንደምትሰበሰበው ተሰብስቤ ተቀመጥሁ። ከፊት የሚረጨው ውሃ እሷን ያገኛታል፣ እኔን የዳክዬዋ አንገት ይከልለኛል።

ወዲያ ማዶ ቄጠማ ውስጥ ተሰነቀርን። ሽንኩርቱን የሚያጠጣ ባላገር አካፋውን ተደግፎ አየንና ምን ፈልገን እንደመጣን ጠየቀ። ለመዝናናት ነው አልሁት፤ የዳክዬዋን አንገት ገና አልለቀቅሁም ነበር። ባላገሩም «እንግዲህ ማርያም ታውጣችሁ» አለ። ግድቡን ዞሮ ለሚሄድ ሰው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ እንዳለም ነገረን። እኔም፣ ከዚህ በታች የሚወርድበት የለም ስትሉ፣ አንድ ደረጃ ወረድሁ፦ ዳክዬዋን እዚሁ ትተን በእግር እንሂድ አልኋት። የሺ ነጠላዋን ይበልጥ አጠበቀችና «አባቴ ተይዞ?» አለችኝ። ሁለት ቃል። ጋሻው የነገረን፣ ዳክዬ ማዶ ጥሎ የሄደው ሰው ትዝ አለኝ። በልቤ ንቄው የነበረ ሰው ነው።

ነፋሱ እስኪበርድ ጠብቀን ተመለስን። ከግማሽ መንገድ በኋላ እኔም ፔዳሉን መትቻለሁ፤ እሷም አትክድም።

በዚህ በኩል የሆነውን የነገረን ጋሻው ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲቀርብ አዝኖ፣ «የኔታ ይሂዱ፣ አምኜዎታለሁ» ብሏቸዋል። እሳቸው ግን ዋስነቱን ጥሎ የሚሄድ ሰው ምን አፍ ኖሮት ሌላውን ያስታርቃል ብለው ከሳጥኑ አልተነሡም። ለቀበሌው ደውልልኝ አሉት። ጋሻውም የታዘዘውን አድርሷል፦ የኔታ ለአንዲት ዳክዬ ዋስ ሆነው ስለተያዙ አይመጡም። ወንድማማቾቹ ሳይተያዩ በየፊናቸው ገቡ። ወሬው ግን አልገባም፤ እኛ ቡሬ ሳንደርስ ቡሬ ደርሶ ጠበቀን። የኔታ ዳክዬ ሰርቀው ተይዘዋል ይላል።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዳር ስንነካ የኔታ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። መጀመሪያ እኔን አዩኝ፤ ማሰሪያዬ እንደተዘጋ፣ ደረቴ እንደደረቀ። ከዚያ ልጃቸውን አዩ፤ ከራሷ እስከ እግሯ ረጥባ፣ የተሰበረውን ጃኬት በነጠላ ቋጥራ። ሄደው ቋጠሮውን መፍታት ጀመሩ። የረጠበ ቋጠሮ ደግሞ እንቢተኛ ነው፣ ጣታቸውም አርጅቷል። ረጅም ጊዜ ወሰደ። ያን ያህል ጊዜ እንደዚያ አፍሬ ቆሜ አላውቅም፤ ግድቡ መልሶ ቢወስደኝ ደስታዬ ነበር። በመጨረሻ ሲፈታላቸው ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ፤ ይኼስ ደህና ታጥቋል» አሉ።

እኔም ጃኬቴን ላወልቅ ማሰሪያውን ብጫነው እንቢ አለ። ለመዝጋት እንዲያ የፈጠነው እጄ መክፈቻውን አጣው። ጋሻው መጥቶ እንደ በቅሎ ኮርቻ በሁለት እጁ ታግሎ ፈታልኝ። ወደ ቡሬ በሚመልሰን ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ ተቀመጥሁ። ስለ ግማሽ ሰዓቱ መሐላ ማንም አላነሣም። እንደ አለመነሣቱ የሚያስፈራ ነገር አላየሁም።

ሁለቱ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ እኔና ግድግዳዬ እናውቃለን። ሽማግሌዎቹን አትሂዱ እንዳልላቸው ምክንያቱን መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ ሂዱ እንዳልላቸው ምያለሁ። ምንም ሳልል ዝም አልሁ፤ የፈሪ ሰው መሐል መንገድ ይህ ነው። እሑድ ጠዋት ሦስቱም፣ በጂጋው ነጋዴ በአያ ይትባረክ መሪነት፣ ነጭ በነጭ ለብሰው ሄዱ። እኔ ቡሬ መናኸሪያ አጠገብ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ አንዲቷን ሻይ ሳልጠጣ አቀዘቀዝኋት።

ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል። ተሰጥተሃል አሉኝ፤ መሐላዬን የኔታ አላነሡባቸውም። እንዳላለቅስ ሻዩን ጠጣሁ። አያ ይትባረክ እንደ ወጉ ለልጁ ዋስ እንጥራ ብሎ ነበር፤ የኔታ ግን «ዋስ ይቅር፤ ለእሱ ዋስ መሆንን አይቼዋለሁ። ሽማግሌ በከንቱ አላስቀምጥም» ብለው አሰናበቱት አለኝ። ሽማግሌዎቹ ይህን ምን ያህል ቢያምኑህ ነው ብለው ተርጉመውታል። ጥሎሽም ቢሉ፣ በሬም ቢሉ፣ የኔታ እንቢ አሉ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «ቤታቸው ውስጥ ከአንድ ዕቃ ሁለት ሲገኝ፣ ማሰሪያው ደህና የሆነው ለእሷ ይሁን።»

ከዚያ ወዲያ ያለውን እንዴት ልንገራችሁ? ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ሽማግሌዎቼ ይህን ቃል ሲፈቱ ተጓዙ። የቅኔ መምህር ተናግሮ ቃሉ እንዲሁ ይታለፋል? አያ ይትባረክ ማሰሪያው የቀንበር ማነቆ ነው፣ የኑሮን ሸክም አታብዛባት ማለታቸው ነው አለ። ሁለተኛው የለም፣ ማተብ ነው፣ ነገሩ የሃይማኖት ነው ብሎ ተቆጣ። ሦስተኛው ቃል ኪዳን ነው አለ። ማንኩሳ ስንደርስ ሹፌሩም ገብቶበት ነበር። በመጨረሻ አያ ይትባረክ ወደ እኔ ዞረና የተማርህ አንተ ነህ፣ ወርቁ ምንድን ነው አለኝ። ቃሉ ሰምም ወርቅም የሌለው፣ በቁሙ የጃኬት ማሰሪያ መሆኑን ከእነዚያ ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየሁ «ማተቡ ይመስለኛል» አልሁ።

ተጋባን። ቤታችን ውስጥ ሁለት ጃንጥላ አለ፤ የአንደኛው አጥንት ተሰብሯል። ክረምት ገብቶ አብረን ስንወጣ ደህናውን የሺ ትይዛለች፣ እኔ የተሰበረውን ይዤ እየረጠብሁ ከኋላ እከተላለሁ። ያየኝ ሰው ሁሉ ምነው መምህር ይለኛል። ቅኔ ነው እለዋለሁ።