የታላላቅ ሴቶች ግድግዳ

[የልጃገረዶች ትምህርት ቤት አዳራሽ። ከዳር እስከ ዳር በሥዕል የተሞላ ግድግዳ፣ ከፊቱ መሰላል የተደገፈበት የእንጨት ርብራብ። ርብራቡ ላይ ሠዓሊው ጉብ ብሏል፤ እሱ የማያውቀው ነገር ገና አልተፈጠረም ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ከታች ባልዲ ታቅፎ የቆመው የሚስቱ ወንድም ነው። ነገር ሳይገባው ሲቀር «ቆይማ!» ስለሚል ሰዉ ሁሉ ቆይማ እያለ ይጠራዋል፤ ነገር የሚገባው ደግሞ ስንት ጊዜ ነው! ክርክሩ ከጀመረ ቆይቷል።]

ሠዓሊው፦ አይመሳሰሉም አልኩህ፣ አይመሳሰሉም!

ቆይማ፦ እሺ ጋሼ፣ አይመሳሰሉም። ግን ይመሳሰላሉ።

ሠዓሊው፦ ፈረስ ላይ ያለችው ጦር መርታ የዘመተች ንግሥት ናት። ይቺኛዋ ከዋክብት ስትመረምር ያረጀች ሊቅ። ያቺ ጥግ ላይ ያለችው አውሮፕላን አብራሪ። ታሪክ የሠሩ ሴቶች ናቸው!

ቆይማ፦ እህትማማቾች ናቸው?

ሠዓሊው፦ የምን እህትማማች! አንዷ ስትሞት የሌላዋ ቅድመ አያት እንኳ አልተወለደችም!

ቆይማ፦ ቆይማ! አጠገቧ አውሮፕላን እያለ ንግሥቷ በፈረስ የምትንገላታው ለምንድን ነው? ያቺ አብራሪ ነይ ውጪ አትላትም?

ሠዓሊው፦ ያኔ አውሮፕላን የለም!

ቆይማ፦ ይኸው አለ እኮ። አንተው ነህ የሣልከው።

ሠዓሊው፦ [ብሩሹን ወደ ጣሪያው አንሥቶ] ወይ ፈተና! ስማኝ፤ ይህ የአንዲት ሴት ፊት አይደለም። የቆራጥነት ፊት ነው! ይህን ቅንድብ አየኸው? ዓለምን ያንቀጠቀጠ ቅንድብ ነው።

ቆይማ፦ አውቀዋለሁ።

ሠዓሊው፦ አንተ ደግሞ ከየት ታውቀዋለህ?

ቆይማ፦ ልጅ ሆኜ ወተት ስደፋ እንዲህ ከፍ ይል ነበር። እማዬ ናት እኮ ጋሼ።

[ሠዓሊው ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ወደ ንግሥቲቱ ዞረ። አማቱ ዘውድ ደፍተው አፈጠጡበት። ወደ ሊቋ ዞረ። አማቱ ከከዋክብቱ ላይ ዓይናቸውን አንሥተው አዩት። አብራሪዋን ለማየት ድፍረት አጣ።]

ሠዓሊው፦ ይቅርታ እማማ… ምን ነካኝ? ግድግዳውን ይቅርታ እጠይቃለሁ እንዴ! አለቀልኝ!

ቆይማ፦ ምን ሆንክ?

ሠዓሊው፦ እህትህ «ሁሉን አውቃለሁ ባይነትህ አንገፈገፈኝ» ብላ እናቷ ቤት ከገባች ወዲህ ልለምናት በሄድኩ ቁጥር በር ላይ ቆመው የሚመልሱኝ እሳቸው ናቸው። ከሳቸው ሌላ ፊት አይታየኝም። ሰው ለካ የሚሥለው የፈራውን ነው! ዛሬ የሥዕሉ ምረቃ ላይ የጋበዝኳቸው ሥራዬን አይተው ሚስቴን እንዲለቁልኝ ነበር። ራሳቸውን ጦር ይዘው ፈረስ ላይ ሲያዩ «ተሳለቀብኝ» ብለው ቁርጤን ይነግሩኛል። ሚስቴን ለዘላለም አጣኋት!

ቆይማ፦ ቆይማ ጋሼ፣ እኔ እኮ…

ሠዓሊው፦ ዝም በል! እንለውጠዋለን። ንግሥቲቱ መነጽር ታድርግ። [ጨረፍ ጨረፍ ያደርጋል]

ቆይማ፦ አሁን እማዬ መርፌ ላይ ክር ስታስገባ።

ሠዓሊው፦ አብራሪዋ ፊት ላይ ነጠብጣብ!

ቆይማ፦ አሁን እማዬ ኩፍኝ ይዟት።

ሠዓሊው፦ የሊቋን ጉንጭ ላፋፋው!

ቆይማ፦ አሁን እማዬ አንተን ስታይ።

ሠዓሊው፦ ነጭ ቀለሙን አቀብለኝ!

ቆይማ፦ ቆይማ፣ አንድ ነገር ልንገርህና…

ሠዓሊው፦ ትዳሬን የሚያፈርሰው ያንተ «ቆይማ» ነው! አቀብለኝ ብያለሁ!

[ቆይማ ትከሻውን ነቅንቆ ባልዲውን አቀበለ። ሠዓሊው በሰፊው ብሩሽ ንግሥቷን፣ ሊቋን፣ አብራሪዋን አንድ በአንድ ፊታቸውን ደመሰሰ። ከዚያ እፎይ ብሎ ላቡን ጠረገ።]

ሠዓሊው፦ ተገላገልኩ! ብልህ ሰው እንዲህ ነው። ለጠየቀኝ ሁሉ «እያንዳንዷ ተማሪ የራሷን ፊት እንድታይበት ነው» እላለሁ። ይጨበጨብልኛል ደግሞ! በል አሁን፣ ልትል ያሰብከውን ተናገር።

ቆይማ፦ ተወው፣ ትንሽ ነገር ናት። እማዬ ትናንት አይታዋለች ልልህ ነበር።

ሠዓሊው፦ ምኑን?

ቆይማ፦ ሥዕሉን። አንተ ምሳ ልትበላ ስትወጣ አስገባኋት።

ሠዓሊው፦ [ርብራቡን ጨብጦ] ረገሙኝ?

ቆይማ፦ አለቀሰች። ፈረሱን በእጇ እየዳሰሰች «ዕድሜዬን ሙሉ በእግሬ ስባዝን ኖሬ፣ ፈረስ ላይ ያወጣኝ እሱ ብቻ ነው» አለች። እኔም አለቀስኩ። እህቴንም «ሰው የሚያከብር ባልሽን ጥለሽ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ልብስሽን ሰብስቢ!» ብላ ዛሬ ጠዋት ቤትህ አስገብታታለች።

ሠዓሊው፦ ሚስቴ… ቤት ናት?

ቆይማ፦ መጋረጃ እየሰቀለች ተውኳት።

ሠዓሊው፦ ይህን ሁሉ አፍነህ ዝም አልከኝ?

ቆይማ፦ አንተ ነህ እኮ ዝም በል ያልከኝ። አዋቂው አንተ ስለሆንክ፣ ታውቀዋለህ ብዬ።

ሠዓሊው፦ ቡናማውን ቀለም! ቶሎ! እመልሳቸዋለሁ! [ብሩሹ አየር ላይ ቀረ] ኧረ ጠፋኝ! ደስ ሲለኝ ፊታቸው ጠፋኝ! አፍንጫቸው ወዴት ነበር የሚሄደው?

[ከውጭ የብዙ ሴቶች ሳቅና ኮቴ ይሰማል። ከሁሉ በላይ የአማትየው ድምፅ ይጮኻል፤ «ግቡ፣ ግቡ ጎረቤቶቼ! መጀመሪያ ፈረስ ላይ ያለሁትን እዩኝ!»]

ቆይማ፦ [መሰላሉን ከርብራቡ ላይ እያነሣ] አይዞህ ጋሼ፣ እዚያው ሁንና ብሩሽህን ንከር። እማዬ ግድግዳውን ስታይ የምትፈራው ፊት ራሱ ይመጣልሃል።