የሊቀ ማሽን አውራ ጣት

ሊቀ ማሽን በኮምፒዩተር ክፍሉ ላይ በተሾመ በአራተኛው ዓመት፣ ፕሪንተሩ ከካርቶኑ በወጣ በሰባተኛው ወር፣ የግድግዳው ሰዓት ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ቆሞ ባትሪ የሚቀይርለት በጠፋ በአምስተኛው ሳምንት፣ በዕለተ ማክሰኞ የሆነውን ይህን ታላቅ ነገር፣ በዓይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን፣ እኔ የአራት ልጆች እናት፣ በጎልማሶች ትምህርት ሦስተኛ ደረጃ ላይ ያለሁ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፋለሁ። ብቀንስለት ምንም አይተርፈውምና።

ሊቀ ማሽን ማለት የክፍሉ ኃላፊ ነው። ይህን ስም ያወጣንለት እኛ ተማሪዎቹ ስንሆን፣ እርሱ ግን ሙገሳ መስሎት ተቀብሎታል። እርሱም የአሥራ ሁለት ቁልፎች ጌታ፣ ከእነርሱም ዘጠኙ የትኛውን በር እንደሚከፍቱ የማይታወቅ፤ ሁላችን አግዳሚ ላይ ተጣብቀን ስንቀመጥ ብቻውን በተሽከርካሪ ወንበር የሚንፈላሰስ፤ የፓስዎርዱ ጠባቂ፣ ፓስዎርዱንም ሲጽፍ እጁን በኮቱ የሚሸፍን፤ የወረቀት ቁም ሳጥኑ አለቃ፤ ለጠየቀው ሁሉ «ሲስተም የለም» ብሎ የሚመልስ፣ ሲስተም ምን እንደሆነ ግን ለማንም ገልጦ የማያውቅ ነበር።

ግዛቱም አንድ ክፍል፣ በክፍሉም አንድ ኮምፒዩተርና አንድ ፕሪንተር ነበሩ። በዚያች ዕለት ከወንበሩ ኋላ የተሰለፈው ሠራዊት ይህ ነው፤ በቀኝ፣ ዕድሜያቸውን በመርፌ ቀዳዳ ክር ሲያሾልኩ የኖሩት ልብስ ሰፊው አባባ፤ በግራ፣ ዱላውን በሩ ላይ ያስደገፈው የግቢው ጥበቃ፤ በመካከል፣ በዕድሜ የበኩር ልጄ እኩያ የሆነችው የጽሕፈት መምህርታችን፤ ከሁሉም ኋላ እኔ፣ ቦርሳዬን እንደ ሕፃን ታቅፌ።

ይህች መምህርት በመጀመሪያው ቀን ያስተማረችንን እኔ አልረሳሁም። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ስርዓተ ክወና የሚባል አስተዳዳሪ አለ፤ የሚሠራው አንጎል አንድ፣ ሥራ የሚጠይቀው ግን ብዙ ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት እያካፈለ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ፣ ሁሉም ብቻውን የሚስተናገድ እንዲመስለው ያደርጋል። ይህ ሲነገር ሌሎቹ ሲያዛጉ ለእኔ ወዲያው ገባኝ፤ አራት ልጅ በአንድ ባልዲ ውኃ አጥቤ፣ በአንዲት ምድጃ አብስዬ አብልቼ ያሳደግሁ ነኝና። ደግሞም ኮምፒዩተሩ ጠረጴዛና ሣጥን አለው አለችን። የተከፈተ ሥራ ሁሉ የሚዘረጋው በጠረጴዛው ላይ ነው፤ ጠረጴዛው ጠባብ ነው፣ ኃይል ሲቋረጥም የላዩ ሁሉ ይጠረጋል። ሣጥኑ ግን ያስገቡበትን ይዞ ይቆያል። ከጠረጴዛ ወደ ሣጥን የምታስገባው አንዲት ትንሽ ባለ አራት ማዕዘን ሥዕል ናት፤ እርሷን መጫን ሴቭ ማድረግ ይባላል።

ሊቀ ማሽን ግን በዚህ ትምህርት ላይ አዋጅ አወጀ። አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ሴቭ ሳታደርግ ዘግታ ጽሑፏ ስለጠፋባትና በፊቱ ስላለቀሰች፣ ልቅሶዋን እንደ ዓመፅ ቆጥሮ፣ በወንበሩ ላይ አንድ ዙር ተሽከርክሮ እንዲህ አለ፦

«በዚህ ክፍል ያላችሁ ሁሉ ልብ በሉ! ከዛሬ ወዲያ የከፈተውን የሚዘጋ እንዳይኖር! ኮምፒዩተሩንም የሚያጠፋ እንዳይኖር! ዘግቶ የጠፋበት ሰው እኔ ዘንድ መጥቶ እንዳይነፋረቅብኝ!»

እኛም መዝጋት ማለት ጥቁር ሰሌዳን በዳስተር እንደ መጥረግ መስሎን ታዘዝን። ማንም የጀመረውን አልዘጋም፤ እንደተከፈተ ወደ ታች እየገፋ፣ ለሚቀጥለው ሰው ቦታውን እየለቀቀ ይወጣ ነበር። ወሩ ሲያልቅ ከስክሪኑ ግርጌ ሠላሳ አንድ የተከፈተ ሥራ ተደረደረ። እንኳን የኮምፒዩተር ጠረጴዛ የሠርግ ቤት ጠረጴዛም ይህን አይችልም። እኔ ብቻ፣ እናት የሆነች ሴት ያልመጣውንም ስለምትፈራ፣ በየቀኑ ከመነሣቴ በፊት ያቺን ትንሽ ሥዕል ተደብቄ እጫን ነበር።

የምጽፈውም ለመጨረሻ ልጄ ትምህርት ቤት የሚገባ ማመልከቻ ነበር። ከቤታችን ተነሥተው ትልቁን አስፋልት ሳይሻገሩ የሚደርሱበት ትምህርት ቤት ያ ብቻ ነው፤ መኪና ሲበር ባየሁ ቁጥር ልቤ የሚወድቀው በእርሷ ምክንያት ነው። ምዝገባው በዚያው ማክሰኞ በስድስት ሰዓት ይዘጋል፤ በኮምፒዩተር ያልተጻፈ ማመልከቻም አይቀበሉም። ለሦስቱ ታላላቆቿ ሌላ ሰው እየጻፈልኝ እኔ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ፈርሜአለሁ። ለአራተኛዋ ግን ራሴ እጽፋለሁ ብዬ፣ በአንድ ጣት እየለቀምሁ፣ በዘጠኝ ቀን አሥራ አራት መስመር ጻፍሁ። በዚያች ጧት የቀረኝ አሥራ አምስተኛው መስመር ነበር፤ እርሱም ስሜ ነው።

ስሜን ጻፍሁ፤ የመጨረሻዋን ፊደል ጨርሼ እጄን ወደ ትንሿ ሥዕል ስሰድድ ኮምፒዩተሩ ስታክ አደረገ። የማውሷ ቀስት ደርቃ ቆመች፤ በፈንታዋም አንዲት ክብ መጥታ ትዞር ጀመር። ብጠብቃት ትዞራለች፣ ብለምናት ትዞራለች።

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ ሊቀ ማሽን ተጠራ። በአራት ሰዓት ተጠርቶ በአራት ተኩል መጣ፤ ሠራዊቱም ተነሥቶ መንገድ ለቀቀለት፤ እርሱም በመጀመሪያ ማውሱን ገልብጦ ሆዱን አየው፣ በኮቱም ጫፍ ጠረገው፤ ሁለተኛም የኮምፒዩተሩን ጎን እንደ ሰነፍ ፈረስ በመዳፉ መታው፤ ሦስተኛም ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ፣ የሰማውንም እንዳወቀ ሰው ራሱን ነቀነቀ፤ በመጨረሻም ወደ እኛ ዞሮ አዋጁን ነገረ፦

«ሲስተም የለም!»

መምህርታችን ግን በጎኑ ሾልካ ከኪቦርዱ ሦስት ቁልፎችን በአንድ ላይ ተጫነች፤ ከብዙ ጥበቃም በኋላ ጠረጴዛውን ማን ምን ያህል እንደያዘው የሚናገር መዝገብ በስክሪኑ ላይ ወጣ። እርሷም ጣቷን በመዝገቡ ራስ ላይ አድርጋ፣ ሁሉም እንዲሰማ አወጀች፦

«ይኸውላችሁ! ግማሹን ጠረጴዛ ብቻውን የያዘው የካርታ ጨዋታ ነው! ወር ሙሉ ሳይዘጋ አብጦ አብጦ እዚህ ደርሷል! እርሱ ብቻ ይዘጋ፣ የሁላችሁም ጽሑፍ ይተርፋል!»

ካርታ የሚጫወተው ማን እንደሆነ ከእኛ ያላወቀ አልነበረም፤ ሊቀ ማሽን ግን ፊቱ ሳይቀላ መልሶ አወጀ፦

«ማንም እንዳይነካው! ይህ የሲስተሙ ምሰሶ ነው! እርሱ ከተነካ ሁሉም ነገር ይናዳል! ይልቅ ሁሉም በአንድ ላይ ይጥፋና እንደ አዲስ ይነሣ!»

ለማሸነፍ አራት ካርታ ብቻ ቀርቶት እንደነበር ኋላ ሰምተናል። ባለቤት ራሱ ሲዘጋው ያሳፍራል፤ ከሌላው ሁሉ ጋር አብሮ ሲጠፋ ግን አደጋ ይባላል። የሊቀ ማሽን ጥበብ ይህች ነበረች። እኔም ከኋላ ሆኜ አወጅሁ፦

«ኧረ ወገኖቼ ስሙኝ! የልጄ ነገር ነው! ስድስት ሰዓት ይዘጋብኛል! ያቺን ትንሽ ሥዕል ልጫንና ከዚያ የፈለጋችሁትን አድርጉ!»

እርሱም የቆመውን ሰዓት በእጁ አመልክቶ «እትዬ፣ ይረጋጉ! ገና ሦስት ከሃያ ነው!» አለ። ጥበቃውም «የእኔ ስልክ አምስት ሰዓት ይላል፣ ጌታው!» ብሎ ቢያውጅ፣ ስልኩ ሲስተም ውስጥ የለም ተብሎ ተናቀ።

በይእቲ ሰዓት ሊቀ ማሽን እጅጌውን ሰበሰበ፤ ጎንበስ አለ፤ ጉልበቱም ተንቋቋ፤ አውራ ጣቱንም ወደ ማጥፊያው ቁልፍ አቀና፤ መምህርታችን «አንድ ጊዜ!» ስትል፣ አባባ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ፣ እኔ ቦርሳዬን ስጨምቅ፣ እርሱ ግን ሳይራራ ሳያመነታ ተጫነ፤ ተጭኖም እስከ አሥር ቆጠረ፤ ስምንትንም ዘለለ። ስክሪኑ ጠቆረ። የሠላሳ አንድ ሥራ ጠረጴዛ በአንድ ጣት ተጠረገ። ጥበቃው ለሩቅ ወንድሙ ሲጽፍ የከረመው ደብዳቤ፣ የሁለት ዓመት ኩርፊያ ሊያስታርቅ የታሰበው፣ «ወንድሜ ሆይ» ከሚለው ጀምሮ እስከ መጨረሻው ጠፋ። ጥበቃው ወደ በሩ ሄደ፤ ዱላውን አንሥቶም ቆመ። ሊቀ ማሽን አቋቋሙን እንደ አክብሮት ቆጠረው።

ኮምፒዩተሩም እንደ አዲስ ተነሣ፤ ፓስዎርዱም በኮት ተሸፍኖ ተጻፈ። የእኔ ማመልከቻ ከሣጥኑ ወጣ፤ አሥራ አራቱም መስመር ነበሩ። አሥራ አምስተኛው፣ ስሜ፣ ከጠረጴዛው ጋር ተጠርጓል። እኔ ግን ሰዓቱ እንጂ ሌላው አልታየኝም፤ ይታተምልኝ አልሁ።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ጦርነት ተነሣ። ፕሪንተሩ ቀይ መብራት አብርቶ ወረቀት ይጠይቃል፤ ወረቀቱ በሊቀ ማሽን ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ በቁም ሳጥኑም በር ላይ በገዛ እጁ የጻፈው ሕግ እንዲህ ይላል፦ «ወረቀት የሚሰጠው የፕሪንተሩ መብራት አረንጓዴ ሲሆን ብቻ ነው።» መብራቱ አረንጓዴ የሚሆነው ወረቀት ሲያገኝ ነው፤ ወረቀት የሚያገኘው አረንጓዴ ሲሆን ነው። ሁለቱም የያዙትን ይዘው፣ አንዱ የሌላውን እየጠበቀ፣ ማንም ማንንም ሳይለቅ። ፕሪንተሩስ ብረት ነው፣ ምን ይደረጋል። ሊቀ ማሽን ግን ከሕጉ ፊት ቆሞ «ሕግ ሕግ ነው!» ብሎ አወጀ፤ ጥበቃው በሩ ላይ ሆኖ አምስት ሰዓት ተኩል ማለፉን ተናገረ።

ልጆቼ አንዱ ጫማውን አንዱ ካልሲውን ይዘው «አንተ ስጠኝ፣ አንቺ ስጪኝ» ሲባባሉ፣ እኔ መካከላቸው ገብቼ የራሴን ነገር ሰጥቼ እገላግላቸዋለሁ። ከደብተሬ አንድ ቅጠል ቀደድሁ፤ መስመር ያለው፣ ጠርዙ የተቦጫጨቀ፤ በፕሪንተሩ አፍ ውስጥ ከተትሁት። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ሊቀ ማሽን ሕጉን አየ፣ መብራቱን አየ፣ እኔን አየ፤ ከአሥራ ሁለቱ ቁልፎች ሰባቱን ሞክሮ ቁም ሳጥኑን ከፈተ።

በደብተሬ ቅጠል ላይ ታትሞ የወጣው ግን «ኮት እናጠብባለን፣ ዚፕ እንቀይራለን» የሚል ማስታወቂያ ነበር። አባባ ከትናንት ወዲያ አርባ ቅጂ አዝዘው ኖሮ፣ ወረፋቸው በሣጥኑ ውስጥ ተቀምጦ ኃይል ሲጠፋም አልጠፋም። ሠላሳ ዘጠኝ ቅጂ ከፊቴ ቆመብኝ። ያን ጊዜ አባባ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው፣ ከእነዚህ ሁሉ አዋጆች ብቸኛውን አዋጅ የሚባል አዋጅ አወጁ፦

«የእኔ ኮት ይቆይ! ዚፑም ይቆይ! የልጅቷ ይቅደም! አንቺ መምህርት፣ የእኔን ሰርዥው!»

መምህርታችንም ሠላሳ ዘጠኙን ሰረዘች፤ ማመልከቻዬም ሞቅ ብሎ በነጭ ወረቀት ወጣ፤ ከአሥራ አራተኛው መስመር በታች ግን ባዶ ነበር። እንደገና ልጽፍ ዞር ብል፣ ወንበሩን ሊቀ ማሽን ይዞታል፤ ሲስተሙን እየፈተሸ ነው ተባለ፤ በስክሪኑም ላይ ካርታዎቹ እንደ አዲስ ተደርድረው ነበር። ዳግመኛ አልለመንሁትም።

ሮጥሁ። የትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት መስኮት ስደርስ ለስድስት ሰዓት ሦስት ደቂቃ ጉዳይ ነበር። መዝጋቢዋ ወረቀቴን ከላይ እስከ ታች አየች፤ ባዶውን ቦታ አየች፤ እኔንም አየች፤ የቀለሙን ሳጥን ወደ እኔ ገፋችው። ሦስት ጊዜ አውራ ጣቴን የነከርሁበት ያው ሳጥን ነው። እኔም መልሼ ወደ እርሷ ገፋሁትና ከቦርሳዬ እስክሪብቶ አወጣሁ። ስሜን ጻፍሁ፤ ሁለተኛዋ ፊደል ትንሽ ተንጋደደች፣ ሌሎቹ ግን ቀጥ ብለው ቆሙ። መዝጋቢዋ ማኅተሙን መታችበት። ልጄ አስፋልቱን አትሻገርም።

በነጋታው በክፍሉ መዝገብ ላይ እንዲህ ተጽፎ አነበብሁ፤ ዛሬ ማንበብ እችላለሁና፦ «የተበላሸው ኮምፒዩተር በኃላፊው ከፍተኛ ጥረት ተጠግኖ ሥራ ጀምሯል።»

እንግዲህ ክብር ለዚያ አውራ ጣት ይሁን! አንድ ጊዜ ተጭኖ ጠረጴዛን የጠረገ፣ የወንድማማች ዕርቅን የደመሰሰ፣ ለድል አራት ካርታ ሲቀረው ከኀፍረት ያመለጠ፣ ስምንትን ዘልሎ እስከ አሥር የቆጠረ፣ ከኃያላን ጣቶች ሁሉ በላይ የሆነ ታላቅ ጣት፤ ዘመኑ ይርዘም፣ ወንበሩ ይሽከርከር፣ ሰዓቱም ለዘላለም ሦስት ከሃያ ይበል። እርሱ ይንገሥ፤ የእኔ አውራ ጣት ግን ከእንግዲህ ቀለም የለባትም፣ ንጹሕ ናት።