ያለ ፍሪሲዮን የሚሄደው ሞተር

ዝምተኛ ሴት ልጅ ያለችበት ቤት ብዙ ዕቃ መግዛት አያስፈልገውም። ማንቂያ ደወሉ እሷ ናት። የቴሌቪዥኑ መቀየሪያ እሷ ናት። መብራት ሲጠፋ ባትሪ ይዛ የምትቆመውም እሷ ናት። አታጉረመርምም፣ አትበላሽም፣ እንግዳ ሲመጣም «ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ናት!» ተብላ ትመሰገናለች። ልብ በሉ፣ ይህ ምስጋና ሁልጊዜ የሚመጣው ሌላ ሥራ ሊታዘዝ ሲል ነው። እኔማ ከዚህ ሁሉ ማዕረግ አልፌ የሞተር ሳይክል ዕቃ ሆኜ አገልግያለሁ። ፍሪሲዮን ነበርኩ።

አትሳቁ። ታላቅ ወንድሜ ምሕረቱ ወልቂጤ ውስጥ የብረት በርና መስኮት ይሠራል። በግንቦት ወር የብረት መቁረጫው ግራ እጁን ጎዳው። ጣቶቹ አሉ፣ ግን አይታጠፉም። አዝኛለሁ፣ አልቅሻለሁም፤ ክፉ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ሞተር ላይ ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን የሚያዘው በግራ እጅ ነው። ለምን ወደ ቀኝ አይዞርም ትሉ ይሆናል። ቀኝ እጅ ነዳጅ ይሰጣል፣ ፍሬን ይይዛል፤ እሱም ሥራ በዝቶበታል። ምሕረቱ ደግሞ አንድ ቀን ጉብሬ፣ አንድ ቀን ቸሃ እየዞረ በር ካልለካ ቤታችን ጦሙን ያድራል። ታዲያ ግራ እጁን ማን ይተካው? ቤተሰቡ ብዙ አልተከራከረም። ሁሉም ዞር ብሎ እኔን አየ።

ክረምቱን በሙሉ ከኋላው ተቀምጬ፣ በብብቱ ሥር እጄን አሾልኬ ፍሪሲዮን ስይዝ ከረምኩ። «ያዢ!» ሲለኝ እይዛለሁ፣ እሱ በእግሩ ማርሽ ያስገባል፣ «ልቀቂ!» ሲለኝ እለቃለሁ። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅሁ እጄን አንሥቼ የማላውቅ ልጅ፣ ይኸው እጄን ዘርግቼ ከተማውን አቋርጣለሁ! ጨው ልገዛ ስወጣ የሰፈር ልጆች «ፍሪሲዮን! ፍሪሲዮን መጣች!» ይላሉ። ባለሱቁ ሳይቀር አንድ ቀን «ምን ልስጥሽ፣ ፍሪሲዮን?» ብሎኛል። ሊዲያ እባላለሁ። የሚያስታውስ ካለ ማለቴ ነው።

ይህን ሁሉ የቻልኩት በአንድ ተስፋ ነው። ስምንተኛን አልፌያለሁ፤ ቡታጅራ ያለችው አክስቴ «ትምጣና እኔ ጋ ሆና ዘጠነኛን ትማር» ብላለች። እናቴ ደግሞ «ወንድምሽ መላ ሲያገኝ ትሄጃለሽ» አለች። ምዝገባው የሚያበቃው ከመስቀል በኋላ ባለው ዓርብ ነው። ከዚያ ካለፈ ዓመቱ አለፈ ማለት ነው።

መላው ለመስቀል ከመርካቶ መጣ። እንደምታውቁት በመስቀል የማይመጣ ጉራጌ የለም። አጎቴ ጋሼ ደምስም የሞተር መለዋወጫ ነጋዴ ነውና ከስኳሩና ከልብሱ ጋር አንዲት ሽቦ ያላት ትንሽ ጥቁር ሣጥን ይዞ መጣ። ኩዊክሺፍተር ትባላለች። እግር የማርሹን መርገጫ ሲነካ ዕቃዋ ሞተሩን የሚያቀጣጥለውን የካንዴላ እሳት ለቅጽበት ትቆርጣለች፣ ሞተሩ ትንፋሹን ይውጣል፣ ማርሹ በዚያች ክፍተት ሹልክ ብሎ ይገባል። «ፈረንጅ እሽቅድምድም ላይ የሚጠቀምባት ናት። ከእንግዲህ ፍሪሲዮን የሚባል ነገር ቀረ!» አለ ጋሼ ደምስ። ሥራውን ሊቀማው የመጣን ማሽን እንደ እኔ የወደደ ሠራተኛ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም።

ዕቃዋን የገጠመው ከድር የሚባል የቡታጅራ ልጅ፣ ወልቂጤ ውስጥ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። ሽቦውን ቀጥሎ፣ ብሎኑን አጥብቆ፣ ራሱ ሊሞክር ተነሣ። ሰው ሁሉ ጆሮውን ለሞተሩ ድምፅ ሰጠ። እኔ ክረምቱን በሙሉ የለመድኩት ግራ እጅ ማየት ነውና ግራ እጁን አየሁ። ሲነሣ ጣቶቹ ፍሪሲዮኑን ሳብ አደረጉት፤ መሐል ላይ ዕረፍት አደረጉ፤ ሊቆም ሲል እንደገና ሳብ አደረጉት። ልማድ ነው፤ ከድር ራሱ አላወቀም። ወርዶ «ወላሂ፣ ፍሪሲዮኑን በእጄ አልነካሁትም!» አለ። ወንዶቹ አጨበጨቡ። እኔ በዚያ ሁሉ ወንድ መሐል የምናገር ሰው ነኝ? ለእናቴ በጆሮዋ ብነግራት «አፍሽን በደግ ክፈቺ!» ብላ ጎሸመችኝ።

ቀጥሎ ምሕረቱ ሞከረ። ልጆች ቁልቁለቱ ላይ ገፍተው አስነሡለት። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ... ማርሹ እንደ ቅቤ ገባ። እውነቱን ልናገር፣ ያምር ነበር። ወርክሾፑ በር ላይ ሲደርስ ሞተሩ ተንገጫግጮ ጠፋ። ምሕረቱ «አጥፍቼው ነው» አለ። አመኑት። ሰው ደስ ብሎት እያለ ምን አያምንም?

እሑድ ምሕረቱ ቤተ ክርስቲያን ለምስክርነት ወጣ። ጌታ ከሰው እጅ ጥገኝነት እንዳወጣው፣ ከእንግዲህ ብቻውን እንደሚነዳ፣ እህቱም ወደ ትምህርቷ እንደምትሄድ በማይክሮፎን ተናገረ። ጉባኤው «አሜን!» አለ። ከሁሉ አስበልጬ የጮኽኩት እኔ ነበርኩ። ሰው ዞር ብሎ ሲያየኝ ነጠላዬ ውስጥ ገባሁ።

ሰኞ ዕለት ምሕረቱ ሞተሩን እየገፋ ተመለሰ። ፊት ለፊቱ ባጃጅ በቆመ ቁጥር ፍሪሲዮኑን የሚይዝ የለምና ሞተሩ ይጠፋል፤ ለመነሣት የሚገፋ ሰው መለመን አለበት። ባለባጃጆቹ «ምሕረቱ፣ ዕቃህ እንቅልፍ ወሰዳት እንዴ?» እያሉ ተጫወቱበት። እሱ ግን በዕቃዋ ላይ ክፉ ቃል አልተናገረም። «ምንም ችግር የላትም። መነሣትና መቆም ብቻ ነው የቀራት» አለ። እስቲ ፍረዱኝ! ወልቂጤ ከተማ ውስጥ ከመነሣትና ከመቆም ሌላ ምን መንገድ አለ?

«እስክለምደው ብቻ ያዢልኝ» አለኝ። ነገር ግን በማይክሮፎን የተናገረ ሰው ነውና እንደ በፊቱ ታይቼ መቀመጥ አልቻልኩም። ምን አደረገ መሰላችሁ? ሰፊውን የዝናብ ካፖርቱን ለበሰ፤ የራሱን ግራ እጅ ከውስጥ ደረቱ ላይ ሸጎጠ። የእኔ እጅ ከኋላ በተተረተረ ቀዳዳ ገብታ በባዶው እጅጌ ወጣች። ጫፏ ላይ ጥቁር ጓንቲ ተደረገላት። እናም የአደይ አበባ ፀሐይ አናት ሲበሳ፣ ዝናብ ከሄደ ሰንብቶ ሳለ፣ ወንድሜ ካፖርት ለብሶ ሁለት ጤነኛ እጅ ያለው ሰው ሆኖ ይሄዳል። እኔ ደግሞ እህቱ ነኝ፤ እንዲያው ልሸኝ ብዬ የተቀመጥኩ! በፊት ስሜን ነበር የወሰዱብኝ፤ አሁን እጄንም ወሰዱት። ላቡ ግን የእኔው ነበር።

ረቡዕ ሱቅ በር ላይ ሞተሩን አጥፍተን እንደቆምን እትዬ አስካለ አዩን። የጸሎት ቡድኑ እናት ናቸው፤ ድምፃቸው ያለ ማይክሮፎን ሦስት ሰፈር ይሰማል። ጓንቲዋ ፍሪሲዮኑን ስትለቅ አይተው «እጁ ተፈወሰ! ኧረ ኑ እዩ፣ ጣቱ ታጠፈ!» አሉ። ሰው ተሰበሰበ። ምሕረቱ «አይ፣ እትዬ...» ከማለቱ «ጌታ የሠራውን ልየው!» ብለው ጓንቲውን መንጭቀው አወለቁት። የወጣው የእኔ እጅ ነው፤ ለመስቀል ብዬ ጥፍሮቼን ቀይ ቀብቼ ነበር። እትዬ አስካለ የምሕረቱን ጺም አዩ፣ ቀዩን ጥፍር አዩ፣ እንደገና ጺሙን አዩ። «ኧረ በኢየሱስ ስም!» ብለው ወደ ኋላ ሸሹ።

ሐሙስ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። ደስ አለኝ። በመጨረሻ አንድ ሰው ስለ እኔ ሊጠይቅ ነው ብዬ ሻዩን ስኳር አብዝቼ አቀረብኩ። ስለ እውነተኝነት ብዙ ተባለ። ምሕረቱ አለቀሰ። ጉባኤውን ይቅርታ ጠየቀ፤ እትዬ አስካለንም ጠየቀ፤ በስልክ ጋሼ ደምስን ሳይቀር ይቅርታ ጠየቀ። ጓንቲ ውስጥ የነበረችውን የጠየቀ የለም። ከሁሉ የሚበልጡት ሽማግሌ ፍርዱን ሰጡ፦ «ጥፋቱ ካፖርቱ ነው። ማታለል ነውና ይውለቅ። እህትህ እንደ ድሮው ፍሪሲዮኑን በግልጽ ትያዝልህ። ትምህርቱ ለከርሞም ይደርሳል» አሉ። ቀጥለው ሻዩን ፉት አሉና ወደ እናቴ ዞር ብለው «ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ናት!» አሉ።

እናቴን አየኋት። አቀርቅራ ስኒ ትሰበስባለች።

ዓርብ፣ ምዝገባው በሚያበቃበት ቀን ጠዋት፣ ምሕረቱ ጉብሬ በር ሊለካ ተነሣ። ካፖርት የለም፣ ጓንቲ የለም፤ ሁሉ ነገር በግልጽ ሆኗል። «ቦርሳው ምንድነው?» አለኝ። «ልብስ ነው» አልኩት። አልዋሸሁም፤ የስምንተኛ ክፍል ወረቀቴ በልብሱ መሐል ነበር።

መናኸሪያው በር ላይ ሚኒባሶች መንገዱን ዘጉት። «ያዢ!» አለኝ፤ ያዝኩ። ሞተሩ አንደኛ ማርሽ ላይ እንዳለ እየተንቀጠቀጠ ቆመ። አንድ ባለባጃጅ አንገቱን አውጥቶ «ምሕረቱ፣ ያቺ ተአምረኛ ዕቃህ ደህና ናት?» አለው። ትናንት ያለቀሰው ወንድሜ ደረቱን ነፋ። «ደህና ናት እንጂ! ሥራውን ሁሉ የምትሠራው እሷ ናት። ሊዲያ እንዲያው ለመነሻ ያህል ነው የተቀመጠችው» አለ።

ለመነሻ ያህል!

ከወዲያ አንድ ወያላ «ቡታጅራ! አንድ ሰው! ቡታጅራ!» ይላል። በግራ በኩል ወረድኩ፤ እጄ ግን ገና ፍሪሲዮኑ ላይ ነች። ምሕረቱ «ወዴት ነው?» አለኝ። ቦርሳዬን በትከሻዬ አነገትኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «ልቀቂ» እስክባል አልጠበቅሁም።

ለቀቅሁ። ሞተሩ እንደ ፍየል ዘለለና ጠፋ።

ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። ምሕረቱ በቆመበት ጥሩንባ እየተነፋበት፣ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሐል አጣብቆ ይጮሃል፦ «ጋሼ ደምስ! ለመነሻና ለመቆሚያ የሚሆን ዕቃስ መርካቶ አይገኝም?»

አይገኝም። የነበረችው አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ቡታጅራ ሄዳለች።