ደብተር ሲከፈት ደግ የሚሆን አባት

ከልጆቼ ሌላ ቤት ውስጥ ሦስት ነን፦ ለመመረቂያዋ ኬዝ ስተዲ ልትሠራ ከማታር ወደ ጋምቤላ ቤታችን የመጣችው የወንድሜ ልጅ ኛማል፣ ባለቤቴ ርብቃ እና ቁጡው እኔ።

«አጎቴ፣ ብዙ ቤት አልቆጥርም። አባት ልጆቹን እንዴት እንደሚሰማ እናንተን ብቻ በጥልቀት አያለሁ» ብላኝ ደብተሯን ከፈተች።

ደብተር ሲከፈት ደግ የሚሆን አባት አጋጥሟችሁ ያውቃል? የጋምቤላ አባት ሁሉ በእኔ ሊለካ ነው ብዬ ተጨነቅሁ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልተቆጣሁም። ዓሣው ይጠበስ ወይስ ይቀቀል ብዬ ልጆቼን እጅ አስወጥቼ አስመረጥኩ!

«ሰውዬ፣ አሞሃል እንዴ?» አለች ርብቃ።

ኛማል ጽፋ ጨርሳ «አባትየው ሳይቆጣ ያዳምጣል» ብላ ስታነብልኝ ግን ኅሊናዬ እምቢ አለኝ። እውነቱን ነገርኳት።

«ያለኝ ኬዝ አንድ ብቻ፤ እሱም ውሸት!» ብላ አለቀሰች። ምረቃዋ ለከርሞ ተላለፈ። እኔም ወደ ቁጣዬ ተመለስኩ።

ደግነቴ ኛማልን አንድ ዓመት፣ ልጆቼን ደግሞ ሦስት ሳምንት የለመዱትን አባት አስከፈላቸው።