ቀድማ የምትመርቅ ሴት

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም፤ እትዬ ዘሃራን ካየሁ ወዲህ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። እናንተ ሰፈር ሳትለምን ለችግረኛ የምትሰበስብ ሴት አለች? እኛ ሐይቅ ከተማ አለችን።

ጎረቤታችን ሩቂያ ዓረብ አገር ከፎቅ ወድቃ፣ ከወገቧ በታች አልታዘዝ ብሏት ተመለሰች። ጧሪ የላትም፤ ከጦርነቱ ወዲህ ደግሞ የሁላችንም እጅ አጥሯል።

እትዬ ዘሃራ በስስቱ የታወቀውን ባለወፍጮ፣ ጋሼ ሰይድን፣ ገበያ መሃል ገና ሳይሰጥ መረቀችው። "ሩቂያን በየወሩ የሚጦር እጅህ አይንጠፍ።"

ገበያተኛው ሁሉ "አሚን" አለ። አሚን የተባለበትን ምርቃት ማን ደፍሮ ያፈርሳል?

"እኔ መቼ እጦራለሁ አልኩ?" አለ፣ ላብ ላብ እያለው።

"አሁንማ አላህ ሰማ።"

እጁ ወደ ኪሱ ሲገባ የአምባሰል ተራራ ሲነቃነቅ ያየሁ መሰለኝ።

ቀስ ብዬ ልሄድ ስል ክንዴን ያዘችኝ። ገንዘብ እንደሌለኝ ነገርኳት።

"አሚን ስትዪ ሰምቼሻለሁ። የሩቂያ ጀርባ እንዳይቆስል ጠዋት ጠዋት የምታገላብጫት አንቺ ነሽ።"