ሬዲዮው አልበላም

እናንተ የኤፍኤም ልጆች ሬዲዮ ሲንኮሻኮሽ «ተበላሽቷል» ትላላችሁ። እኛ ላስታዎች ግን ኤኤም ሬዲዮ ዝም ካለ ያመመው ይመስለናል። መብረቅ ገና ከተራራው ማዶ ሳለ ሰምቶ በመንኮሻኮሹ የሚነግረን እሱ ነው፤ በእሱ ወሬ ስንት እህል ሳይበሰብስ ከአውድማ ገብቷል። ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ ሲብስበት በጥርሳችን ነከስ እናደርገዋለን። ይህን ሁሉ የምደረድረው አንድ ጊዜ የራሴን ጥፋት በእሱ ላይ ላላክክ ሞክሬ ስለ ነበር ነው። የሰው ነገር።

ያኔ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር፤ እኔ እዚያው ላስታ፣ ብልባላ አስተምር ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ በሐምሌ፣ በእኛ አገር ብርቅ የሆነ፣ በዓል ያልያዘው ዓርብ ቀን፣ ዳንቴል የለበሰ ሬዲዮዬን አንግቼ ለወንፈል ወጣሁ። ማሳው የእትዬ ስንዱ፣ ሥራው የገብስ አረም። የአጥቢያችን ቄስ አባ ተክሌም አብረውን ያርማሉ። አባ ከድቁናቸው ጀምሮ ዓርብን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ፈትተው አያውቁም፤ እሳቸው ሳይቀምሱ ደግሞ ማን ይቀምሳል? ሌላ ቀን ጥላቸውን በጫማ ለክተው ሰዓቱን ይናገሩ ነበር። ያን ቀን ግን ጉሙ ጥላ የሚባል ነገር አሳጣን።

«መምህር፣ እስቲ ያን ሳጥንህን ጠይቀው» አሉኝ።

የአገራችን ጣቢያ በመብረቅ ተውጧል። ጠብቆ መሞከር አንድ ነገር ነበር፤ እኔ ግን እንግሊዝኛዬን የማሳይበት ቀን መጣ ብዬ ወደ አጭር ሞገድ አዞርሁና አንድ የባሕር ማዶ ጣቢያ ያዝሁ። ጢጥ፣ ጢጥ አለና የጣቢያው ሰውዬ ሰዓቱን ተናገረ።

«ዘጠኝ ነው» ብዬ ተረጎምሁ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል።

አባ ባረኩ፣ ተበላ። ጎመኑ ሁለተኛ ሲጨለፍ ጉሙ ተገለጠ። ፀሐይ አናታችን ላይ ናት። አባ ተነሥተው ጥላቸውን ቢፈልጉት ከእግራቸው ሥር ተጠቅልሎ አገኙት። ለካ ሰውየው ዘጠኝ ያለው የራሱን አገር የጠዋት ዘጠኝ ኖሯል፤ በእኛ ገና ስድስት ነው። የዕድሜ ልክ ጾማቸውን በአንድ ቃል ሻርሁባቸው። ከልቤ አፈርሁ፤ አፍሬም አልተመከርሁ።

«ሬዲዮው ነው ያሳሳተኝ፣ አባ።»

«ሬዲዮው በልቷል?»

«አልበላም።»

«እንግዲያ ጾመኛውን አትክሰሰው። የበላነው እኛ ነን። ሰባት ዓርብ እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ትጾማለህ። እኔም አብሬህ።»

በሳምንቱ ተራው የአባ ማሳ ሆነ። ዘጠኝ ሲሞላ ሰው ሁሉ ለምሳ ተቀመጠ፤ እኔና አባ ዳር ላይ ቁጭ ብለን ሽሮውን በአፍንጫችን እንበላለን። ሆዴ አላስቀምጥ ቢለኝ ቁልፉን ወደዚያ ጣቢያ አዞርሁ። ጢጥ፣ ጢጥ። በእኛ ዘጠኝ ሲሆን በእሱ ስንት ነው? ዐሥራ ሁለት! አባ ደግሞ የማን አገር ዐሥራ ሁለት እንደ ሆነ አልነገሩኝም።

«ምን አለ?» አሉኝ።

«ዐሥራ ሁለት አለ፣ አባ።»

ሬዲዮውን አዩት። ሽሮውን አዩት። ምራቃቸውን ዋጡ።

«ሰውየውን በሰላም ያስፈታው። አንተ ቁልፉን ወደ አገራችን መልሰው።»

መለስሁት። ሰባቱንም ዓርብ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ የአገራችንን ዜና እየሰማን ከአንድ ትሪ በላን፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ እራትም ዜናም የለም።

ዛሬ ልጆቼ «ይህን የሚንኮሻኮሽ ነገር ጣለውና ስልክ ያዝ» ይሉኛል። አልጥልም። ሁላችን ስንበላ ብቻውን የጾመ፣ እስካሁንም አንዲት ጉርሻ ያልቀመሰ፣ እንዴት ተብሎ ይጣላል?